ለጊዜው

መኪናዋን ለማየት የሄድኩ ቀን የሞተሩ ኮፈን በሽቦ ታስሮ ነበር። ቮልስ ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ እኔም ኋላዋ ቆሜ ሻጩ ልጅ ሽቦውን በፒንሳ ሲፈታ እያየሁ "ምንድነው ይሄ?" አልኩት። "እሱ እንኳን ለጊዜው ነው" አለኝ፣ ቀና ብሎም አላየኝ። ደላላው ከጎን ሆኖ "መቆለፊያዋ 300 ብር ነው ብሮ፣ እሱ ምንም አይደለም" አለ። 300 ብር ከሆነ እስከዛሬ ለምን አልተገዛም ብሎ መጠየቅ ነበረ፣ እኔ ግን አይኔ ሰማያዊ ቀለሟ ላይ ነበር።

እንዴት እዛ እንደደረስኩ ልንገራችሁ። 2012 የካቲት ላይ አዲሱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ሲወጣ እኔ ቪትዝ ልገዛ ብር እያጠራቀምኩ ነበር። አዋጁ ያገለገሉ መኪናዎች ላይ ቀረጡን ሲቆልለው ሀገር ውስጥ ያሉትም አብረው ተሰቀሉ፣ ትናንት ዋጋ የነገረህ ሰውዬ ዛሬ ስልክ አያነሳም፣ ካነሳም "ሀሳቤን ቀይሬያለሁ" ይልሃል፣ ብቻ ቪትዝ ከኔ እየራቀች ግማሽ ሚሊዮን ብር አካባቢ ደርሳ ተሰናበተችኝ። ከዛ ኮሮና መጣ። ታክሲ ግማሽ ሰው ብቻ ይጫን ተባለ፣ ታሪፉም እጥፍ ሆነ። እኔ ከአያት ሜክሲኮ ነው የምመላለሰው፣ ባለቤቴ ደሞ ያኔ የመጀመሪያ ልጃችንን እርጉዝ ነበረች፣ ስለዛ ሰልፍ ላይ ቆሜ አጠገቤ ያለ ሰው ባሳለ ቁጥር የምሆነውን እኔ ነኝ የማውቀው። እጄ ላይ 130 ሺህ ብር አለ። በ130 ሺህ ያኔ የሚገኘው ወይ ታክሲ ሆና ነፍሷ የወጣ ላዳ ነው ወይ ቮልስ። በቃ ቮልስ አልኩ።

መኪና "ያውቃል" የሚባል ጓደኛዬን ይዤ ነበር የሄድኩት። የሚያውቀው ግን መንዳት እንደሆነ ኋላ ላይ ነው የገባኝ። ጎማ በእግሩ መታ መታ አደረገ፣ ክላክስ ነፋ፣ ሞተሩን አስነስቶ ጆሮውን ደገነና "ድምጿ ንጹህ ነው" አለ። ከሁላችንም የረባ ስራ የሰራሁት እኔ ነኝ፣ ሊብሬውን ይዤ የኋላ ወንበሩን አስነሳሁ፣ ምክንያቱም የቮልስ ሻንሲ ቁጥር እዛ ስር፣ መሀል ለመሀል የሚሄደው ጉብ ያለ ብረት ላይ ነው የተመታው። ሞተር ቁጥሩ ደሞ ዲናሞው ከተቀመጠበት ስር ነው። ሁለቱም ከሊብሬው ጋር ገጠሙ። ሞተሯ ተቀይሮ ሊብሬው ላይ ያልተስተካከለ ቮልስ ስንት እንዳለ ለሰማ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። 1968 ሞዴል በፈረንጅ፣ 1300 ሲሲ። በ118 ሺህ ተስማማን፣ ደላላው ድርሻውን ከሁለታችንም ወሰደ፣ ለቦሎና ለስም ማዛወሪያ የቀረችው ብር ደሞ በሳምንት ውስጥ አለቀች።

ወንበሩን ሳነሳ ግን ሌላም ነገር አይቼ ነበር። ቮልስ ባትሪዋ የኋላ ወንበር ስር ነው ያለው፣ በቀኝ በኩል። ባትሪው ላይ የማኮሮኒ ካርቶን ተቆርጦ ተደርጓል። ምን ያደርጋል ብዬ አልጠየቅኩም፣ አቧራ እንዳይገባ መስሎኝ ነው።

በ4ኛው ቀን አክስቴንና ሁለት ጎረቤቶቿን ለቅሶ ላደርስ ይዣቸው ስሄድ ካርቶኑ ምን እንደሚያደርግ ተማርኩ። አክስቴ ትንሽ ወፈር ያለች ናት፣ እግዜር ይስጣት፣ ከባትሪው በላይ ነበር የተቀመጠችው። መገናኛን እንዳለፍን "የኔ ልጅ፣ የሆነ ነገር ይሸታል" አለች። የቤንዚን ሽታ ነው አልኳት። ትንሽ ቆይታ "አይ፣ ፀጉር ሲቃጠል ነው የሚሸተው" አለች። የድሮ ቮልስ ወንበር ሙሌቱ የእንስሳ ፀጉር ያለበት ነገር ነው፣ ከስሩ የብረት ስፕሪንግ አለ፣ ስፕሪንጉ ወርዶ የባትሪውን ሁለት ጫፍ ከነካ በቃ ፋብሪካ የሰራው የእሳት ማቀጣጠያ ነው። ለዛ ነው መኪናዋ ስትሰራ ባትሪው ክዳን የነበረው። ክዳኑ የሆነ ዘመን ጠፋ፣ አንዱ ባለቤት በካርቶን ተካው፣ ካርቶኑም ዕድሜው አለቀ። ሶስቱን ሴቶች አስወርጄ ወንበሩን ነቅዬ አስፋልት ላይ ወረወርኩት፣ ጭሱ ቆመ። አክስቴ እስከዛሬ ቮልሷ ውስጥ ከፊት ካልሆነ አትቀመጥም።

በማግስቱ ነው ቄራ አካባቢ ወደሚሰሩ አንድ የቮልስ መካኒክ ሰዎች የላኩኝ። ጋሼ ነው የምላቸው፣ ሁሉም ጋሼ ነው የሚሏቸው። መኪናዋን ዞር ዞር ብለው አይተው፣ አጎንብሰው ከስር አይተው፣ ተነስተው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ "ስንት ገዛሃት?" አሉኝ። ነገርኳቸው። ዝም አሉ። ከዛ "ጥሩ መኪና ናት፣ ብዙ ለጊዜው አለባት እንጂ" አሉ። ቃሉን እንደ በሽታ ስም ነው የጠሩት።

ቀጥሎ ባለው ስድስት ወር የሰራነው ስራ በሙሉ ይሄው ነው፣ የሰዎችን ለጊዜው መፍታት። ከ50 ዓመት በላይ የኖረች መኪና ላይ ስንት እጅ እንዳለፈ አስቡት፣ እያንዳንዱ ሰው ወር ደሞዝ እስኪደርስ፣ ዕቃው እስኪገኝ፣ ክረምቱ እስኪያልፍ ብሎ የሆነ ነገር አስሮ ሄዷል፣ ሽቦ፣ ላስቲክ፣ የሱሪ ቀበቶ (የምሬን ነው፣ የማርሚታው፣ የጭስ መውጫው ማለት ነው፣ ጫፍ በሱሪ ቀበቶ ነበር የተንጠለጠለው)። የፊውዝ ሳጥኑን ስንከፍት ግማሹ ፊውዝ በሲጋራ ብርማ ወረቀት ተጠቅልሏል። የቮልስ ፊውዝ ነጩ 8 አምፔር ነው፣ ቀዩ 16፣ ከዛ በላይ ሲመጣ ይቃጠልና ሽቦውን ያድነዋል፣ ወረቀቱ ግን አይቃጠልም፣ የሚቃጠለው መኪናው ነው። ጋሼ አንድ በአንድ እየነቀሉ ጠረጴዛው ላይ ደረደሯቸውና "እየው፣ ጠላት እንኳን እንዲህ አያስርም" አሉኝ። እኔ ግን እውነቱን ለመናገር ሰውየው አሳዘነኝ። ማታ፣ ምናልባት ዝናብ ላይ፣ መብራት ጠፍቶበት፣ ኪሱ ውስጥ ያለው ሲጋራ ብቻ ሆኖ።

ከሁሉም የገረመኝ የሙቀቷ ነገር ነው። ከአያት ተነስቼ ሜክሲኮ ስደርስ ሞተሩ እሳት ይሆናል፣ ዘይቱ ይሸታል፣ ካጠፋኋት ለ20 ደቂቃ አትነሳም። ሁሉም ሰው "ቮልስ እንደዛ ነው" ይለኛል። ጋሼ ግን ቮልስ እንደዛ አይደለም አሉ። ይሄ ሞተር ውሃ የለውም፣ ራዲያተር የለውም፣ በአየር ነው የሚቀዘቅዘው፣ ችንጋው፣ ሞተሩ የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ፣ ዲናሞውን ሲያዞር ዲናሞው ጫፍ ላይ ያለው ፋን ንጹህ አየር ከላይ እየሳበ ሲሊንደሮቹ ላይ ይነፋዋል፣ የጋለው አየር ወደ ታች ይወጣል። ለዚህ ነው ሞተሩ ዙሪያውን ላሜራ ያለው፣ ላሜራውና ቦዲው መሀል ደሞ ዙሪያውን ጎማ አለ፣ ላይና ታች እንዳይገናኝ። የኔዋ ላይ ጎማው የለም፣ ከላሜራውም ሁለቱ የሉም፣ ሞተር ሲወርድ ሲወጣ የሆነ መካኒክ "ይሄ ምን ያደርጋል" ብሎ ጥሏቸዋል። ስለዛ ፋኑ ከስር የወጣውን ግለት መልሶ ከላይ እየሳበ ሞተሯን በራሷ ትንፋሽ ሲቀቅላት ኖሯል። ላሜራዎቹን ከአንዲት ከሞተች ቮልስ ላይ አገኘን፣ ጎማውን ደሞ ከሌላ መኪና የበር ጎማ ቆርጠን ሰራነው። ከዛ በኋላ አንድም ቀን አልጋለችብኝም። ሁለት ሺህ ብር ያልሞላ ስራ። ለስንት ዓመት ስንት ሰው "ቮልስ እንደዛ ነው" እያለ ተሸክሞት ኖሯል።

ወለሏ ሌላ ታሪክ ነው። ሐምሌ ላይ ዝናብ ውስጥ ስነዳ ካልሲዬ ራሰ። ምንጣፉን ስገልጥ ስቱኮ፣ ስቱኮውን ስፍቅ አስፋልቱ ታየኝ። ልምከራችሁ፣ የድሮ መኪና ልታዩ ስትሄዱ ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልላችሁ ያዙ፣ ቦዲው ላይ ለጠፍ ለጠፍ አድርጉት፣ ካልያዘ ከስሩ ብረት የለም፣ ስቱኮ ነው የምትገዙት። እኔ ማግኔቱን የገዛሁት መኪናዋን ከገዛሁ በሶስተኛው ወር ነው። የባትሪው ስር ከሁሉም ብሶ ነበር፣ አሲዱ ለዓመታት እየተንጠባጠበ በልቶታል። ላሜራ ሰሪው 14 ሺህ ብር ጠየቀኝ፣ 11 ሺህ ላይ ተስማማን፣ ሁለት ሳምንት አለኝ፣ ሁለት ወር ፈጀ። ስራው ግን የሚያኮራ ነው፣ ዛሬም ወለሉን ስረግጠው ድንጋይ ነው።

አንድ የወደድኩት ነገር የጋራዡ ቋንቋ ነው። የጀርመን መኪና ነው፣ የሚያወራው ሰው አማራ ነው ወይ ጉራጌ ነው ወይ ኦሮሞ ነው፣ ቃሉ ግን በሙሉ ጣልያን ነው። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ማርሚታ፣ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን። ጣልያን 5 ዓመት ተቀምጦ ሲሄድ ጋራዡን ግን ከነስሙ ትቶት ሄዷል። ጋሼ ጣልያንኛ አንድ ዓረፍተ ነገር አይችሉም፣ ግን ረዳታቸውን "ያቺን ካቻቢቴ፣ ሞተሪኖውን ላጥብቅ" ሲሉት ሮማ ያለ ሰውዬ ግማሹን ይሰማዋል። እኔም መጀመሪያ ሰሞን ሁሉንም "ያ ነገር" እያልኩ ስጠራ ይስቁብኝ ነበር። የሆነ ቀን ደውዬ "ጋሼ፣ ፍሪሲዮኑ ያንሸራትታል መሰለኝ፣ ማርሽ ይገባል ግን አትጎትትም" ስላቸው "አሁን መኪና ገዛህ" አሉኝ።

ለፍሪሲዮኑ ሞተሩን አወረዱት። አራት ብሎን ነው የያዘው፣ አራት ብቻ! ረዳቱና እሳቸው ክሪክ ደግፈው በግማሽ ሰዓት ውስጥ መሬት ላይ አስቀመጡት። እኔ የፕሪንተር ካርትሪጅ ለመቀየር ከዛ በላይ ይፈጅብኛል።

ዕቃ ፍለጋው መርካቶ ሶማሌ ተራ ነው። እዛ ቅዳሜ ጠዋት የዋለ ሰው ቮልስ ለምን እንደማትሞት ይገባዋል። ጀርመን ውስጥ ተራዋ ሞዴል መመረቷ በፈረንጅ 1978 ቆሟል፣ ሜክሲኮ ውስጥ ግን እስከ 2003 ድረስ ትሰራ ነበር፣ ብራዚሎቹም አቁመው በ1993 እንደገና ጀምረው እስከ 1996 ሰርተዋታል፣ በጠቅላላው ከ21 ሚሊዮን በላይ ነው የተመረተችው፣ ስለዛ ዕቃዋ ከየትም ከየትም ይመጣል። ነጋዴው ሶስት ዓይነት ያወጣልሃል፣ "የብራዚል፣ የቻይና፣ ኦርጂናል" ይልሃል፣ ኦርጂናል ማለት ከሌላ ቮልስ ላይ የተፈታ ማለት ነው። እኔ ሁሌ ኦርጂናሉን ነው የምወስደው፣ 50 ዓመት ሰርቶ ያልተሰበረ ነገር ነገም አይሰበርም ብዬ። ጋሼ በዚህ አይስማሙም፣ "50 ዓመት የሰራ ነገር 51ኛው ላይ ነው ያለው" ይላሉ።

ዋጋ እንዳልደብቃችሁ፣ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ70 ሺህ ብር በላይ ፈሰሰባት። ርካሽ መኪና የሚባል ነገር የለም፣ ዋጋውን በየወሩ የምትከፍለው መኪና ነው ያለው። ሐምሌ 2016 ዶላሩ ከተለቀቀ በኋላ ደሞ ዕቃው ሁሉ በየሳምንቱ ሌላ ዋጋ ነው።

መንዳቷ እንዴት ነው ለሚለኝ ሰው፣ ቀስ ያለ ነው። ወረቀት ላይ 40 የፈረስ ጉልበት አላት፣ አዲስ አበባ ግን ከባህር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው ያለው፣ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፣ ስለዛ ከፈረሶቹ ሩብ ያህሉ ገና ሳይነሱ ደክሟቸዋል። ቤንዚኑ ደሞ ለባህር ዳርቻ አየር ተለክቶ ከፈሰሰ እዚህ ይበዛባታል፣ ጥቁር ታጨሳለች፣ ካንዴላው፣ ቤንዚኑን የሚለኩሰው፣ ጥላሸት ይለብሳል። ጋሼ ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚኑን የምትለካዋን የናስ ቀዳዳ በጠበብ ያለች ቀየሩልኝና አስተካከሏት። አሁን ቸርችልን በሁለተኛ ማርሽ ትወጣዋለች፣ አራት ሰው ካለ ግን ከኋላዬ ያለው ሚኒባስ ጥሩንባውን እየነፋ ዘር ማንዘሬን ነው የሚያነሳው። የፊት መስታወቱን ውሃ የሚረጨው በስኮርታው፣ በመጠባበቂያ ጎማው፣ አየር ነው፣ አትሳቁ፣ እንደዛ ነው ያሰቧት፣ ቱቦው የሚያፈስ ከሆነ ታዲያ ጎማ በፈነዳብህ ቀን ስኮርታውም ባዶ ሆኖ ይጠብቅሃል። ደርሶብኛል፣ ቦሌ ላይ። ቀበቶ አልነበራትም፣ ከፊት አስገጠምኩ፣ ከኋላ ለልጅ ወንበር የሚሆን ማሰሪያ ግን የላትም፣ ልጃችን ከተወለደች በኋላ ወደ ሐኪም ቤት በራይድ ነው የምንሄደው። ይሄን የምጽፈው ፎቶዋን አይታችሁ ልትገዙ የምትሮጡ ስላላችሁ ነው። ቀለም ቀብተው፣ ሰፊ ጎማና የሚብለጨለጭ መብራት ገጥመው፣ ፍሬኑን ግን ሳይነኩ በሚሊዮን የሚሸጧትን ደሞ ተዉአቸው፣ ሙሽራ ማጀቢያ ናቸው።

ቫልቭ ማስተካከል ራሴ ጀምሬያለሁ። ጋሼ ናቸው ያስተማሩኝ፣ ሌሊት አድራ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ፣ እሁድ ጠዋት ከቅዳሴ መልስ። 13 ቁልፍ፣ ካቻቢቴ፣ ስስ የብረት መለኪያ። ክፍተቷን አንዳንዱ 0.10 ሚሊሜትር ይላል፣ አንዳንዱ 0.15፣ ጋሼ 0.15 አድርግ አሉኝ፣ ትንሽ የሚንኳኳ ቫልቭ ደህና ነው፣ ዝም ያለ ቫልቭ ነው የሚቃጠለው። ከመኪናዋ ስር ተኝቼ የቫልቭ ክዳኑን መጀመሪያ ስከፍት ምን እንዳስደነገጠኝ ታውቃላችሁ? ክዳኑ በብሎን አይደለም የተያዘው፣ በአንድ ወፍራም የሽቦ ቅስት ነው፣ በካቻቢቴ ወደ ታች ገፋ ስታደርገው ቀጭ ብሎ ይወርዳል። ይሄ የማን ስራ ነው ብዬ ልሳደብ ነበር። "እሱን ተወው፣ እሱ የፋብሪካ ነው" አሉኝ ጋሼ ከላይ ሆነው። ጀርመኖቹ ራሳቸው በሽቦ አስረዋት ነበር ለካ፣ ልዩነቱ የሽቦው ውፍረት ነው።

ጥር 2016 መንግሥት ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት መኪና ከውጭ እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ መንገድ ላይ እያስቆሙ "ትሸጣታለህ?" የሚሉኝ በዝተዋል፣ የገዛሁባትን አራት እጥፍ የጠራልኝም አለ። ጎረቤቴ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ገዝቷል፣ ማታ ማታ በረንዳው ላይ ገመድ ዘርግቶ ቻርጅ ሲያደርግ እኔ ችንጋዬን በእጄ ጫን እያደረግኩ እፈትሻለሁ፣ ሰላም እንባባላለን። የሱዋ ሳትሻል አትቀርም። መብራት የጠፋ ቀን ግን ቢሮ ድረስ ይዤው እሄዳለሁ፣ ከኋላ ሳይሆን ከፊት ነው የማስቀምጠው።

ባለፈው ጥቅምት የቤንዚን መርገጫው ገመድ ጎተራ ላይ ተበጠሰ። እግሬን ረገጥኩት፣ ምንም። ገመዱ ከእግር ስር ተነስቶ በመሀል ብረቱ ውስጥ አልፎ ኋላ ካርቡራተሩ ድረስ ነው የሚሄደው። ዝናብ ነው፣ ከኋላዬ መኪና ተደርድሯል። ወርጄ ኮፈኑን ከፈትኩና (መቆለፊያዋን ገዝቼላታለሁ፣ 300 ብር ሳይሆን 900 ነው) ካርቡራተሩ ላይ ያለችውን የሚኒሞ ብሎን፣ ቤንዚን ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት የምትወስነዋን፣ ወደ ውስጥ አጠበቅኳት፣ ሞተሯ በራሷ ጮክ ብላ መዞር ጀመረች፣ በዛችው በሁለተኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን እየያዝኩ እየለቀቅኩ አያት ድረስ ገባሁ። በነጋታው ሶማሌ ተራ ሄድኩ፣ ያሉት ገመዶች አንዱም በልኳ አይደለም። የባጃጅ ገመድ ገዛሁ፣ ሁለቱን ጫፍ በሞርሴቶ፣ በብሎን በሚጠብቅ ማያያዣ፣ ቀጠልኳቸው፣ ሞከርኩት፣ ይሰራል። ትክክለኛው ሲመጣ እንደውልልሃለን ብለው ቁጥሬን ተቀብለዋል።

ይሄው ሚያዝያ ገባ። ባለፈው ቅዳሜ ለዘይት ጋሼ ጋር ሄጄ ነበር፣ ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ነው የምትወስደው። ዘይቱ እስኪወርድ ኮፈኑን ከፍተው ሲያዩ ሞርሴቶው ላይ እጃቸው ቆመ። እኔ የማላይ መስዬ ወደ ሌላ ቦታ አየሁ።

"ማነው የሰራው?"

"እኔ ነኝ ጋሼ።"

ጎንበስ ብለው በጣታቸው ሳብ፣ ለቀቅ፣ ሳብ አደረጉት። ካቻቢቴውን ከኪሳቸው አውጥተው ሩብ ዙር አጠበቁት።

"ቅባት አልቀባኸውም" አሉኝና ዘይቱን ሊያዩ ሄዱ።